አድራሻውን የሚያውቁት አራት ሰዎች

ሴትዮዋ የተወጋችው ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማንም አያውቀውም በተባለ ቤት በር ላይ ነው። እኔ ስደርስ አምቡላንሱ ሄዷል። ደጁ ላይ የቀረው አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ የተደፋ የልብስ ሳሙና ዱቄት እና ደም ነበር፤ ዱቄቱ ደሙን ጠጥቶ ሮዝ ሆኗል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ለእኛ ለፖሊሶች ታስቦ የተተረተ ይመስለኛል።

ወጊውን መፈለግ አላስፈለገንም። ባሏ ነው። ቢላውን አጠገቡ አስቀምጦ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀን አገኘነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጺሙ የተላጨ፣ ለሥራ ቅጥር ፈተና የሚሄድ የሚመስል ሰው ነው።

«አድራሻውን ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ፈጣሪ ጠቆመኝ።»

«የቤት ቁጥሩንም?»

«እሱ የማያውቀው ቁጥር አለ?»

በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ ሚስቱን ደብድቦ በፈጣሪ የማያሳብብ ወንድ ያየሁት ጥቂት ነው። ካቴና አስገባሁለትና ወደ ቤቱ ዘለቅሁ።

ቤቱ ከባሎቻቸው ዱላ የሸሹ ሴቶች የሚደበቁበት ነው። ምልክት የለውም። ጎረቤት የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ነው ብሎ ያምናል፤ ለማሳመኛም መስኮቱ ሥር አንድ ያረጀ የስፌት መኪና ቆሟል። ኃላፊዋ ቁልፎቿን እንደ ማተብ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ደልደል ያለች ሴት ናት። እያለቀሰች እንኳ ወንበሮቹን ታስተካክላለች።

«አድራሻውን ስንት ሰው ያውቀዋል?» አልኳት።

«አራት። እኔ፣ ሾፌሩ፣ ጸሐፊዋ፣ እሷ ራሷ። በዚህ ሳምንት ከእሷ ሌላ እንግዳ አልነበረንም።»

«እሷ ደውላለት ቢሆንስ?»

«እንግዶች ስልካቸውን የሚያስረክቡት እዚህ ከመድረሳቸው በፊት ነው። የቢሮው ስልክ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ይኸው።» ደረቷን መታች። «ኢንስፔክተር፣ ይህን ቤት አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት!»

ማን እንደወጋት ታውቋል። ማን አሳልፎ እንደሰጣት ግን አልታወቀም።

ቢሮው ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ነበረ። እንደተከፈተ ነው። አንደኛው ታብ ላይ የእንግዶች መዝገብ፣ ሁለተኛው ላይ ኢሜይል፣ ሦስተኛው ላይ በነፃ የሚታይ ተከታታይ ፊልም፣ ከግራ ከቀኝ የራቁት ሴቶች ማስታወቂያ የሚዘልበት። ይህን ያየው ወጣት ፖሊስ ለአለቃዬ ደወለ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጸሐፊዋ ታሰረች።

አለቃዬ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ ጠበቀኝ።

«ነገሩ አልቋል! በአንዱ ታብ ምስጢር፣ በሌላው ታብ ቆሻሻ ከፍታ ስታይ ነው የዋለችው። ከዚያኛው ወደዚህኛው ሾለከ።»

«ሾልኮ ባልየው ጋ እንዴት ደረሰ?»

«ሆን ብላ ነዋ! ፊልሙ ሽፋን ነው። ተመሳጥራለች። እስከ ዓርብ ማታ ሌላ ነገር ካላመጣህ በግድያ ሙከራ ተባባሪነት መዝገቡ ለዓቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

«መጀመሪያ ሾለከ አሉኝ፤ አሁን ደግሞ ተመሳጠረች። የትኛው ይሁን?»

«አንተ ሰው፣ ጡረታህ ደርሷል እኮ» አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሾፌሩን ጠራሁት። በሳምንቱ ውስጥ የባልየው ሰፈር ወዳለ አንድ ቁጥር አራት ጊዜ ደውሏል። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ጉዳዩ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ መሰለኝ።

«ማን ጋ ነው የምትደውለው?»

«ጥርስ ሐኪም ጋ።»

«አራት ጊዜ?»

አፉን ከፈተና ጉንጩን በጣቱ ወደ ጎን ጎትቶ አሳየኝ። ከላይ በስተቀኝ ሦስት ጥርስ የለም፤ የቀረው ድድ ገና ያበጠ ነው። ሐኪሙን ደውዬ ጠየቅኩት፣ ቀጠሮ ሲያራዝምበት ከርሟል። ሾፌሩን አሰናበትኩት። ሲወጣ ይቅርታ እንኳ አላልኩትም፤ ደስታዬን ስላበላሸብኝ ተናድጄበት ነበር።

ከባልየው መሥሪያ ቤት የመጣው ወረቀት አንድ ነገር ብቻ ይላል፦ ሰኞ ገብቶ ውሏል፣ ማክሰኞ አልመጣም። ማክሰኞን የት እንዳሳለፈ ከሰፈሩ የሚናገር አልተገኘም።

ጸሐፊዋ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ስትቀመጥ እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

«ፊልሙን አይቻለሁ» አለች ሳልጠይቃት። «ሥራ ስጨርስ አያለሁ። ክፍል አርባ ሁለት ላይ ነኝ። ለዚህ ከሆነ ይቅጡኝ።»

«ባልየውን ታውቂዋለሽ?»

«በፎቶ። በር ላይ ከመጣ እንድንለየው ጠረጴዛዬ ላይ ተለጥፏል። ስድስት ቀን ሙሉ ፊቱን እያየሁ ነው ሻይ የጠጣሁት።»

«ኮምፒውተሩን ከአንቺ ሌላ የነካው አለ?»

መስኮቱን አየች፣ ጫማዬን አየች፣ ከዚያ «የለም» አለች።

ውሸታም አይቻለሁ፤ ውሸት የእንጀራ ገመዴ ነው። ይህቺ ግን ለራሷ ብላ የምትዋሽ አልመሰለችኝም፤ ለራሱ የሚዋሽ ሰው ከጫማ ይልቅ ዓይን ያያል።

ኮምፒውተሩን ይዤ ምድር ቤት ወረድኩ። እዚያ ያለው ባለሙያችን ኪሱ ሁልጊዜ ብሎን ስለማይጠፋው ሁላችንም «ብሎን» ነው የምንለው፤ ሚስቱም ሳትቀር። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ክርክር ከምሳ ይወዳል።

«ከታብ ወደ ታብ ይሾልካል ወይ?» አልኩት። «አለቃ ይሾልካል ብሏል።»

«አለቃ ሻይ ሲቀዳም ይሾልክበታል» አለ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ስማ። ይህ ብራውዘር አንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ የኪራይ ክፍሎች ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱ ክፍል አለው፣ የራሱ ግድግዳ። ፊልሙ የመዝገቡን ክፍል ማየት አይችልም። አንዱ ቢታመም እዚያው ታሞ እዚያው ይሞታል።»

«ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል።»

«ይህኛው የለውም። ብዙ ሰው ዕድሜውን የጨረሰው ጆሮ እንዳይኖረው ሲል ነው። በግቢው ውስጥ ሁሉንም ክፍል የሚከፍት ቁልፍ የሚሰጣቸው ተቀጥላ ፕሮግራሞች አሉ፤ እነሱን ነው የምፈራው። እያንዳንዷን ፈትሻለሁ። አንድም የለም።»

«እንግዲያው በምን ወጣ?»

«እሱን ነገ ጠይቀኝ። አሁን ሂድልኝ።»

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ስወርድ ክርክሩ ከፊቱ ጠፍቷል።

«ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚህ ኮምፒውተር አንድ ሰው ገብቷል። የቢሮው አካውንት አይደለም።» ስሙን አሳየኝ። የተወጋችው ሴትዮ ስም ነው።

«ኢሜይሏን ከፍታ ይሆናላ።»

«ኢሜይሏን ብቻ ብትከፍት ችግር አልነበረም። አንድ ክፍል ገብቶ መውጣት ነው። እሷ ግን ብራውዘሩን ራሱን ነው በስሟ ያስገባችው። ግቢውን በሙሉ በስሟ አዞረችው፤ ሳታውቀው። ወጣሁ ብላ ታቡን ዘግታ ሄዳለች፣ ግቢው ግን በስሟ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ‹አስቀምጥ› የተባለ ነገር ሁሉ በዚሁ አካውንት ወደተከፈተ ሌላ ኮምፒውተር ይሄዳል።»

«የት ያለ ሌላ ኮምፒውተር?»

«ቤቷ ያለው ነዋ። ባሏ ጋ የተወችው።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ግድግዳዎቹስ?»

«ግድግዳዎቹ ምን በወጣቸው። ሥራቸውን ሠርተዋል።»

ወደ ጸሐፊዋ ተመለስኩ። የሴትዮዋን ስም ሳነሳባት ማልቀስ ጀመረች፤ ከአንጀቷ ነበር።

«ቅዳሜ የልጇ የፈተና ውጤት የሚወጣበት ቀን ነበር። በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ነው የሚወጣው፤ በወላጅ ኢሜይል ካልተገባ አይታይም። ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩን ስትመላለስ ዋለች። እንግዳ ኮምፒውተር አይነካም፣ ደንብ ነው። አምስት ደቂቃ ብቻ አልኳት። ልጅቷ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታለች። እልል ልትል ስትል አፏን በእጄ ያዝኩት።»

«ከዚያስ?»

«ሰኞ ጠዋት የሐኪም ቀጠሮ ልይዝላት የሆስፒታሉን ፎርም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ሞላሁ። ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ። አድራሻ ካልተሞላ አልፎ አልሄድ አለኝ፣ የዚህን ቤት ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ‹አድራሻው ይቀመጥ?› ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አልሽው?»

«እሺ። ሁልጊዜ እሺ ነው የምለው። እርስዎ እምቢ ብለው ያውቃሉ?»

አላውቅም። አንብቤውም አላውቅ። ሞኝና ወረቀት የያዙትን አይለቁም ይባላል፤ ይህ መሣሪያ ከሁለቱም ብሷል።

«ለምን ደበቅሽኝ ታዲያ? ልትከሰሺ እኮ ነው!»

«እሷ ሆስፒታል ተኝታ፣ እኔ በእሷ ላሳብብ?»

የጸሐፊዋ ደግነት አናደደኝ። ሁሉን ነገር ያበላሸው ደግነት ነው፣ የሚቆጡበት ደግሞ ሰው የለም። ቢሆንም የሰማሁት አልበቃኝም። አለቃዬ «አድራሻውን ለባልየው እንዲደርሰው ብላ ነው ያስቀመጠችው» ይላል። በተባባሪነት እንዳትከሰስ፣ ያ አድራሻ ያለ እሷ እጅ እንዴት ባልየው ዓይን ውስጥ እንደገባ ማሳየት አለብኝ። ያለኝ ጊዜ እስከ ማታ ብቻ ነበር።

ብሎንን ይዤ ወደ ባልየው ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችልን የሴትዮዋ ታናሽ እህት ናት፤ ባልየው ከታሰረ ወዲህ ልጅቷን ለመጠበቅ እዚያው ገብታለች። ሳሎኑ ንጹሕ ነው። ኮምፒውተሩ በጥግ በኩል፣ የዳንቴል ልብስ ለብሶ ተቀምጧል። ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቀጭን፣ እግሯ ከቁመቷ ቀድሞ ያደገ።

ብሎን ሲቀመጥ ደንገጥ አለች። «ጋሼ፣ ልትወስዱት ነው? ፎርሜን ገና አላስተካከልኩም።»

«የምን ፎርም?» አልኳት።

«የትምህርት ቤት ጉዞ። ሰኞ ማታ ሞልቼ፣ አትሜ፣ አባዬ ፈርሞልኝ ማክሰኞ አስገባሁ። ትናንት መለሱብኝ። አድራሻው መዝገባቸው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም አሉ። እዚህ አካባቢ እንኳ አይደለም አሉኝ።»

ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። የእናት ስም በሚለው ሥር የእናቷ ስም አለ። ከሱ ሥር መንገዱ፣ የቤት ቁጥሩ፣ የልብስ ስፌት ማሠልጠኛው። ከታች የአባቷ ፊርማ፣ የሰኞ ቀን።

«እኔ እኮ አልጻፍኩትም» አለች ልትከሰስ እንደሆነ ሁሉ። «የእማዬን ስም ስጀምር የቀረውን ራሱ ሞላው። የእኛ ቤት መስሎኝ አላየሁትም፤ ቸኩዬ ነበር።»

«አባትሽ ሲፈርም ምን አለ?»

«ምንም። ብዙ ጊዜ አነበበው። ከዚያ ፈረመልኝና ጎበዝ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ከሳመኝ ቆይቶ ነበር።»

ባልየው ማክሰኞን የት እንዳሳለፈ ያኔ ገባኝ። ማክሰኞ ሙሉ ቀን ከዚያ ቤት ማዶ ቆሞ በር ሲጠብቅ ነው የዋለው።

«ጋሼ፣ የማን ቤት ነው?» አለችኝ ልጅቷ። እናቷ የት እንደተወጋች አልተነገራትም፤ ገበያ አካባቢ ነው ያሏት።

የመለሰላት ብሎን ነው። «የኮምፒውተሩ ስህተት ነው የኔ እመቤት። አንዳንዴ ይሳሳታል።» ሁለት ቀን ሙሉ ኮምፒውተር አይሳሳትም ብሎ የተከራከረኝ ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶን ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

ወረቀቱ ጸሐፊዋን ነፃ ያወጣል። ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይቼ አላውቅም። መዝገብ ውስጥ የገባ ቀን ግን ልጅቷ ተጠርታ ቃሏን ትሰጣለች። የምን ፎርም፣ መቼ፣ ለማን ሰጠሽው ትባላለች። ሞኝ ልጅ አይደለችም፤ ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣች ናት።

ሆስፒታል ስደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሴትዮዋ ነቅታለች። አንዱ ሳንባዋ ስለተነካ ሦስት ቃል ተናግራ ታርፋለች። ልዋሻት ነበር የሄድኩት፤ ፊቷን ሳይ ግን አልቻልኩም። ከቅዳሜው አምስት ደቂቃ ጀምሬ እስከ ፊርማው ነገርኳት።

«ልጄ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ወረቀቱ ከገባስ?»

«ታውቃለች።»

«ጸሐፊዋስ?»

«ወረቀቱ ካልገባ ዛሬ ማታ ትከሰሳለች።»

ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎኝ ልነሳ ስል እጄን ያዘችኝ። «ይጻፉ እንግዲህ። እኔ ነኝ የነገርኩት። በዚያ ኮምፒውተር ገብቼ ጻፍኩለት። ልጄ ናፈቀችኝ፣ ያለሁት እዚህ ነው፣ ና አልኩት። ከዚያ አጠፋሁት። መግባቴን ባለሙያው አይቶ የለ?»

«እህቴ፣ የምትይውን አታውቂም» አልኳት። «እንዲህ ከጻፍኩ ጠበቃው ‹ራሷ ጠርታው ነው፣ ሲነጋገሩ ተጣሉ› ይላል። አድብቶ ሊገድል ሞከረ ሊባል የነበረው ድንገተኛ ጠብ ይሆናል። ሃያ ዓመት የሚጠብቀው ሰው በሰባት ዓመት ይወጣል።»

«በሰባት ዓመት ልጄ ሃያ ይሞላታል።»

«ሲወጣ የሚፈልገው አንቺን ነው።»

«ያኔ ደግሞ እሸሻለሁ» አለች። «ይጻፉ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሃያ ስድስት ዓመት እውነት እውነት ስል ኖሬያለሁ፤ ውሸት ስለጻፈ ያስያዝኩት የሥራ ባልደረባም አለ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ እሷ እንዳለችው ጻፍኩ። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኳት፤ ብዕር የመያዝ አቅም አልነበራትም። የልጅቷን ፎርም አጥፌ የውስጥ ኪሴ ከተትኩት።

ብሎን ሪፖርቱን በአንድ ገጽ ሰጠኝ። «የጠየቃችሁኝ ታቦቹ ተነካክተዋል ወይ ነው። አልተነካኩም። አካውንቷ ገብቷል ወይ? ገብቷል። ሌላ የጠየቀኝ የለም» አለና በሩን ዘጋብኝ።

አለቃዬ የሴትዮዋን ቃል አንብቦ ሳቀ። «አላልኩህም? ተመታች ብለህ ታዝንላታለህ፣ እሷ ግን ናፍቆት ይዟታል!» በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ሰው መምታት አምሮኝ አያውቅም።

ጸሐፊዋ በዚያው ማታ ተፈታች። ኃላፊዋ ጣቢያው በር ላይ ጠበቀቻትና አቀፈቻት፤ ከዚያ የቢሮውን ቁልፍ ተቀበለቻት። እንግዳ ኮምፒውተር እንዲነካ የፈቀደ ሰው እዚያ ቤት አይሠራም። ቤቱም እዚያ አይቆይም፤ በሳምንቱ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ፣ እኔም አድራሻውን አልጠየቅሁም።

ለባልየው የሚስቱን ቃል ያነበብኩለት ቅዳሜ ነው። በመጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሲገባው አየሁት፤ ፊቱ ቀስ እያለ ተፈታ። ፎርሙን ያነበበው፣ የፈረመው፣ ልጁን የሳመው እሱ ነው። እውነቱን ከእኔ እኩል ያውቃል። ነገር ግን ውሸቱ ለእሱም ተመችቶታል።

«እውነቷን ነው» አለ። «ራሷ ናት የጠራችኝ። ለካ ትወደኝ ኖሯል።»

«ፈጣሪስ?» አልኩት።

«እሱም በሷ በኩል ነዋ የጠቆመኝ።» ፈረመ። ፊርማው ኪሴ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። አክስቲቱ ልጅቷን ይዛ ቀድማኝ ገብታለች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሰፈሩ ሁሉ የሰማውን፣ ‹ራሷ ናት የጠራችው› የሚለውን፣ ልጅቷም ሰምታዋለች።

«ለምን ነገርሽው?» ስትል ሰማኋት። «እማዬ፣ እንዲህ እንደሚያደርግሽ እያወቅሽ ለምን ነገርሽው?»

«ሞኝ ሆኜ ነው ልጄ።»

«እኔ ብሆን አልነግረውም ነበር! ቢገድለኝም አልነግረውም ነበር!»

እናትየው ትንፋሽ እስክታገኝ ድረስ ቆየች። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።

«አውቃለሁ» አለቻት። «አንቺ አትነግሪውም ነበር።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ከአልጋው ራቅ ብላ ቆመች፣ አክስቷ ብትጎትታትም አልቀረበችም።